የጋራው ቦይ ይጠረግ

ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን ከራት በኋላ አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት አቆየን። መነሻው ትንሽ ነገር ነበር፤ ይኸውም አንድ ፕሮግራም ሲገለገልበት የኖረው ላይብረሪ ከውስጡ ቢወጣ ፕሮግራሙ ይሻሻላል ወይስ ወደ ኋላ ይመለሳል? የሚል ነው። አንደኛው ወንድማችን፣ ትምህርቱም አንደበቱም የሰላ ሰው ነው፣ «የተጋገረ እንጀራ በመሶብ ሞልቶ ሳለ ሊጥ ማቡካት የድንቍርና ምልክት ነው» ብሎ ደመደመ። ብዙዎቹም ሳቁና ደገፉት። እኔ በዚያች ሌሊት በቂ መልስ ስላላገኘሁ ዝም አልሁ። መልስ እንደ ልማዱ የሚመጣው ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ስለ ሆነ፣ ያን ጊዜ ያልተናገርሁትን በዚህ መጽሔት ላይ ለማቅረብ ተገደድሁ። ወንድሜም ቢቈጣ ምላሹን በሚቀጥለው ዕትም ይስጠኝ።

የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ያልሆናችሁ አንባብያን ገጹን እንዳታልፉት አደራ እላለሁ፤ ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለምና። ላይብረሪ ስንል መጻሕፍት የሚነበቡበትን፣ በፈተና ሰሞንም ወንበር የሚጠፋበትን ቤት ማለታችን አይደለም። ሌላ ሰው ጽፎና ፈትኖ ለሁሉ እንዲያገለግል ያዘጋጀው የፕሮግራም ክፍል ነው። ፕሮግራም ጸሓፊ ሁሉን ነገር በራሱ እጅ ስለማይጽፍ የጐደለውን ከላይብረሪ ይጠራል። ጠሪው ያለ ተጠሪው መቆም ሲያቅተው ጥገኝነት ተባለ። ይህን ቃል ስንሰማ በዚህ ግቢ ውስጥ ብዙዎቻችን ወዲያው ወደ ፖለቲካ እንሮጣለን፤ ለጊዜው እንታገሥ።

ክርክር ያስነሣው ፕሮግራም ዲበገር ይባላል። ዲበገር የሌላውን ፕሮግራም ጥፋት ለመፈለግ የሚያገለግል መሣሪያ ነው። በመሥራት ላይ ያለውን ፕሮግራም በተፈለገው መሥመር ላይ ያስቆመዋል፤ በሆዱ ምን እንደ ያዘ፣ ከየት ተነሥቶ እዚያ እንደ ደረሰ ይጠይቀዋል፤ ከዚያም አንድ እርምጃ ብቻ አራምዶ እንደገና ያቆመዋል። ሐኪም በሽተኛውን ሳይገድል ውስጡን እንደሚያይ ማለት ነው። ከዲበገሮችም ስሙ የታወቀው ጂዲቢ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በ1986 ጀመረው (በዚህ ጽሑፍ ስለ ፕሮግራሞች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)፤ ዛሬም በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ ሰዎች ያሳድጉታል። ሶርስ ኮዱም ለማንም ክፍት ስለ ሆነ እኛም ያለ ክፍያ እንማርበታለን።

ጂዲቢ ግን በአንድ አካል ብቻ የሚሠራ አይደለም። ዋናው አካሉ ትልቅ ነው፤ በሠሪው ጠረጴዛ ላይ፣ ሰፊ ሜሞሪ ባለው ኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጦ ሶርስ ኮዱን ያነብባል፣ ስሞችን ይፈታል፣ ከሰውየው ጋር ይነጋገራል። ሁለተኛው አካል ጂዲቢ ሰርቨር ይባላል፤ ይህ ትንሹ ነው። የሚቀመጠውም በሚመረመረው መሣሪያ ላይ ነው። መሣሪያው መዳፍ የምታህል ሰሌዳ፣ ስክሪንና ኪቦርድ የሌላት፣ ሜሞሪዋም የተቈጠረ ልትሆን ትችላለች። ትልቁ ያዝዛል፤ ትንሹ በዚያ ሆኖ «አቁም» ሲባል ያቆማል፣ «አሳይ» ሲባል ያሳያል። ሁለቱ አካሎች ደግሞ በጋራ የሚገለገሉበት ደጋፊ ኮድ አላቸው። ይህ የጋራ ክፍል ቀድሞ በትልቁ ጂዲቢ ቤት ውስጥ አንድ ጓዳ ነበር፤ በ2019 ጂዲቢ ሰፖርት የሚል ስም ተሰጠው፤ በ2020 መጀመሪያም ከጓዳው ወጥቶ ራሱን የቻለ ቤት ሆነ። እንግዲህ ክርክሩ ሁሉ ስለዚህ የጋራ ቤት ነው። ወንድሜ ይህን ልዩነት ሳያነሣው ስለ እንጀራና ስለ ሊጥ ተናግሮ ዐለፈ።

እኔ የይፋት ቆላ ልጅ ስለ ሆንሁ ነገሩ በሌላ መልክ ይታየኛል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዶ፣ ካፖርት የሚወልቅበት ስፍራ ሲደርሱ ሸዋ ሮቢት ይገኛል። የማሾና የማሽላ አገር ነው። በሮቢ ወንዝ ዳርና ዳር ያለው ገበሬ ግን ሽንኩርቱን የሚያጠጣው ከወንዙ በተጠለፈ ውሃ ነው። ዋናው ቦይ የአንድ ሰው አይደለም፤ የሁሉ ነው። ከዋናው ቦይ ተከፍሎ ወደ ማሳው የሚገባው ትንሹ ቦይ ግን የባለ ማሳው ነው። ገበሬ በራሱ ቦይ ላይ ድንጋይ ቢያነጥፍ፣ ሸራ ቢዘረጋ፣ ሲያሻውም ቢያጣምመው ማንም አይጠይቀውም። በዋናው ቦይ ላይ ግንድ ቢያጋድም ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከላይ ያለው ባለ ሰፊ መሬት ግንዱ መኖሩን እንኳ አያውቅም፤ ውሃው ሞልቶ ይደርሰዋልና። ውሃ የሚጠፋው ከታች፣ በመጨረሻው ጭራሮ ማሳ ላይ ነው። የውሃ አባት ተብሎ የተመረጠው ሽማግሌ ነገር የሚበዛበትም በዚህ ምክንያት ነው።

ጂዲቢ ሰፖርት ዋናው ቦይ ነው። ትልቁ ጂዲቢ ከላይ ያለው ባለ ሰፊ መሬት ነው። ጂዲቢ ሰርቨር ደግሞ ከታች ያለው ጭራሮ ማሳ ነው። አንድ ላይብረሪ በጋራው ኮድ ውስጥ ሲገባ ትልቁ ምንም ክብደት አይሰማውም፤ ከሚጐትታቸው ብዙ ላይብረሪዎች ላይ አንድ ተጨመረ፣ ይኸው ነው። ትንሹ ግን ያን ላይብረሪ በዚያች መዳፍ በምታህል ሰሌዳ ላይ፣ ለሰሌዳዋ ፕሮሰሰር እንደገና ተገንብቶ፣ መጠኑ ተለክቶ፣ ቦታ ተፈልጎለት ሊሸከመው ነው። ምናልባትም አንድ ቀን የማይጠራውን ላይብረሪ!

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ የውሃ ፓምፕ ሞተርን በሰዓቱ የምታጠፋ አንዲት ሰሌዳ ይዤ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድሁ። ፕሮግራሙን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ሌሊት ሌሊት እየሞተ ያስቸገረውም ያው የእኔ ፕሮግራም ነው። ጂዲቢ ሰርቨርን ለሰሌዳዋ አዘጋጅቼ ስለ ነበረ ልቤ ሞልቶ ነበር። በቦታው ተቀምጬ ባስነሣው የጋራ ላይብረሪ አልተገኘም የሚል አንድ መሥመር አሳይቶኝ ጠፋ። የጐደለው የሲ ፕላስ ፕላስ መደበኛ ላይብረሪ ነበር። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ስገነባ ላይብረሪውን ከፕሮግራሙ ጋር አብሬ መስፋት ሲገባኝ ለብቻው ትቼው ኖሯል። ይሁን እንጂ ጥፋትን ማወቅ ጥፋትን ማረም አይደለም። በዚያ ሰሞን ኔትዎርክ ስላልነበረ የጐደለኝን ከየትም ማውረድ አልቻልሁም። በማግሥቱ ላፕቶፔን አቅፌ በሚኒባስ ያን ሁሉ ዐቀበት ወጥቼ ደብረ ብርሃን ገባሁ። ሥራው አንድ ብርጭቆ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ከዚያ እንደገና ቁልቁል! ደርሶ መልሱ ወደ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ለአንድ ላይብረሪ።

ትንሹ ጂዲቢ ሰርቨር የሲ ፕላስ ፕላስን ላይብረሪ የፈለገው ለምንድን ነው? ጂዲቢ ለረጅም ዘመን የተጻፈው በሲ ቋንቋ ነበር። በ2016 በሲ ፕላስ ፕላስ መገንባት ጀመረ፤ በ2017 በወጣው 8.0 ዕትም ደግሞ ያለዚህ ቋንቋ መገንባት የማይቻል ሆነ። የጋራው ኮድ ሲለወጥ ትንሹም አብሮ መለወጡ ግዴታ ነው። ይህ ስሕተት ነበር አልልም። ሜሞሪ በእጅ እየቈጠሩ መያዝና መልቀቅ ስንቱን ፕሮግራመር እንዳስለቀሰ የሚያውቅ ሰው ወደ ሲ እንመለስ አይልም። ነገር ግን የተከፈለ ዋጋ አለ፤ ዋጋውም የተከፈለው ውሳኔው በተወሰነበት ጠረጴዛ ላይ አይደለም። እኔ የምጠይቀው ዋጋው ይታወቅ ብቻ ነው።

ኔትዎርክ አለመኖሩን እንደ ድንገተኛ አደጋ የሚቈጥር ካለ የአገሩን የቅርብ ታሪክ ያስታውስ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ መጥቶ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ በኋላም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቈይቷል። በእነዚያ ወራት የክልሉ ተማሪ ላፕቶፑን ይዞ፣ ዕውቀቱን ይዞ፣ ጊዜውንም ይዞ ተቀምጦ ነበር፤ ያልያዘው ላይብረሪውን ነው። ለካሊፎርኒያ ፕሮግራመር «አውርደው» ማለት ትእዛዝ ነው፤ ለእኛ ግን «አውርደው» ማለት ብዙ ጊዜ ምኞት ነው። እንግዲህ የላይብረሪ ነገር ለይፋት ልጅ የጥበብ ክርክር ብቻ ሳይሆን መሥራት ወይም አለመሥራት መሆኑን ወንድሜ ይረዳልኝ።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። ዲበገር በሺህ የሚቈጠሩ ስሞችን ይይዛል፤ እያንዳንዱን ስም ፈጥኖ ለማግኘትም ስሙን ወደ ቍጥር እየለወጠ በቍጥሩ ያስቀምጠዋል። ይህን መለወጫ ሐሽ እንለዋለን። ከ2019 ጀምሮ ጂዲቢ ለዚህ ሥራ ኤክስኤክስ ሐሽ የሚባለውን፣ ያን ኮሌት የተባለ ሰው የደረሰውን እጅግ ፈጣን ላይብረሪ በግንባታ ጊዜ ካገኘው እንዲጠቀምበት፣ ካላገኘው ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ወዳለው ሊብ አይበርቲ ወደሚባለው የግኑ ላይብረሪ እንዲመለስ ተደርጎ ነበር።

(ስለ ሊብ አይበርቲ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ላይብረሪን የሚጠራው ትእዛዝ «ኤል» በምትባለው ፊደል ይጀምራል። «አይበርቲ» ሲጨመርባት በእንግሊዝኛ ነጻነት የሚለው ቃል ይወጣል፤ ስሙም ለዚህ ቀልድ ሲባል የወጣ ነው። ነጻነትን ለማግኘት ጥገኝነትን መጥራት! ከዚህ የተሻለ ቅኔ በእኛ መምሪያ ውስጥ አልሰማሁም።)

«ካለ እወስዳለሁ፣ ከሌለ እተዋለሁ» የሚለው አነጋገር ጨዋ ይመስላል። ማንንም አያስገድድማ! እኔ ግን ከግዴታው ይልቅ ይህን ጨዋነት እፈራዋለሁ። አንድ ስም ያለው ፕሮግራም ሁለት ሆድ እንዲኖረው ያደርጋልና። ደብረ ብርሃን የተገነባው ጂዲቢ ላይብረሪውን አግኝቶ በአንዱ መንገድ ይሄዳል፤ ሸዋ ሮቢት የተገነባው ሳያገኝ በሌላው መንገድ ይሄዳል። አንዱ ሲፈጥን ሌላው ይዘገያል፤ በአንዱ የታየ ጥፋት በሌላው አይታይም። ተማሪው «እኔ ጋ አይሠራም» ሲል ጓደኛው «እኔ ጋ ይሠራል» ይለዋል፤ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ ማታውን ሙሉ ይጨቃጨቃሉ። ጥፋት ለመፈለግ የተሠራው መሣሪያ ራሱ በየቦታው የተለያየ ከሆነ ጥፋቱን ማን ይፈልግ?

ኋላም በ2024 መጨረሻ ማርቲን ላይትነር አንከርል የተባለ ሰው የደረሰው የሐሽ ቴብል በጂዲቢ ሰፖርት ውስጥ ገባ። ይህ እንደ ሌሎቹ ከውጭ የሚጠራ አይደለም፤ አንድ ፋይል ሆኖ ከጂዲቢ ሶርስ ኮድ ጋር አብሮ ይጓዛል። የራሱንም ሐሽ ይዞ መጥቷል። ቀድሞ ከሊብ አይበርቲ የሚወሰደው ቴብል በውስጡ የሚቀመጠው ነገር ዓይነቱ የማይታወቅበት፣ ኮምፓይለርም ስሕተትን ሊይዝበት የማይችል ስለ ነበረ በብዙ ስፍራ በአዲሱ ተተካ። እንግዲህ ፈጣን ሐሽ በቤት ውስጥ ከተገኘ በኋላ ለዚያው ሥራ ሲባል የውጭ ላይብረሪ በጋራው ኮድ ውስጥ ምን ያደርጋል? በእኔ ፍርድ መውጣት አለበት። ፍጥነቱ ይለካ፤ የሚቀንስ ከሆነም በስንት እንደሚቀንስ ይነገር። ጥቂት ቢቀንስ እንኳ፣ በሁሉ ስፍራ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚሠራ መሣሪያ በአንዳንዱ ስፍራ ብቻ ከሚፈጥን መሣሪያ ይሻላል ባይ ነኝ።

እዚህ ላይ ወንድሜ ዘሎ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። «አንዱን ባዕድ አስወጥተህ ሌላውን ባዕድ አስገባህ! ይህ ምን ነጻነት ነው?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን አለ። መንገደኛ ስንቁን በአገልግል ቋጥሮ ሲሄድ እንጀራውን ራሱ ጋገረው ወይስ ጎረቤቱ ጋገረችለት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቁም ነገሩ እንጀራው አብሮት መሄዱ ነው። ስንቅ የሌለው ደግሞ በየመንደሩ ገዝቼ እበላለሁ ብሎ ይነሣል፤ ገበያ በሌለበት ቀን ጦሙን ያድራል። እኔ የምጠላው የሰውን እጅ ሥራ አይደለም፤ በመንገድ ይገኛል ተብሎ የተተወውን ስንቅ ነው። እርግጥ ነው፣ ቋጥረው የያዙት ስንቅም ይሻግታል፤ ያ ፋይል ጥፋት ቢገኝበት ማንም መጥቶ አያድስልህም፤ የዕትሙን ቍጥር መዝግቦ፣ እየተከታተለ የሚያድስ ሰው መመደብ ያስፈልጋል። ይህን ሥራ የማይወድድ ቤት ስንቅ ባይቋጥር ይሻለዋል።

የራስ ሥራ ሁሉ ይቆይ አለማለቴንም በዚያው በጂዲቢ አስረዳለሁ። «ዋጋ ሊኖረው ወይም ላይኖረው የሚችል ነገር» የሚለውን ሐሳብ ለመያዝ ጂዲቢ የራሱን ኮድ ጽፎ ነበር፤ በቋንቋው ውስጥ ገና አልነበረምና። ቋንቋው በ2017 መደበኛው ያን ነገር ሰጠ፤ ጂዲቢም ወደዚያ መደበኛ በተሸጋገረ ጊዜ የራሱን ጣለው። ማንም «የአባቴ ርስት ነው» ብሎ አላለቀሰለትም። ደግሞም በ2021 በወጣው 11ኛው ዕትም ጂኤምፒ የሚባለውን የታላላቅ ቍጥሮች ሒሳብ ላይብረሪ ግዴታ አደረገ። እኔ ይህን አልቃወምም። ታላላቅ ቍጥሮችን በትክክል ማባዛትና ማካፈል የቀልድ ሥራ አይደለም፤ ላይብረሪውም የገባው በትልቁ ጂዲቢ በኩል እንጂ በትንሹ ትከሻ ላይ አልነበረም። ባለ ሰፊው መሬት በራሱ ቦይ ላይ ድንጋይ አነጠፈ፤ ያንጥፍ።

ዋናውን ቦይ ያልጠበቀ ሰው ምን እንደሚደርስበት ዓለም ሁሉ ያየው በ2024 ነው። ማርች 29 ቀን አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ከሩቅ ኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኘው ኤስኤስኤች ግማሽ ሴኮንድ ያህል እንደ ዘገየበት ተመልክቶ ምክንያቱን ሲፈልግ ኖሮ ያገኘውን አስታወቀ። ኤክስዜት በሚባለው የፋይል ማሳነሻ ላይብረሪ ውስጥ፣ በ5.6.0ና በ5.6.1 ዕትሞች፣ የሌባ በር ተከፍቶ ነበር። በሩን የከፈተው ጂያ ታን በሚል ስም ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት እየረዳ የቀድሞውን ባለቤት እምነት ያገኘ ሰው ነው። የሚገርመው ኤስኤስኤች ራሱ ፋይል የማሳነስ ላይብረሪ አለመፈለጉ ነው። አንዳንድ የሊኑክስ አዘጋጆች ኤስኤስኤች «ተነሥቻለሁ» የምትል አጭር መልእክት ለሲስተምዲ እንዲልክ ሲሉ የሲስተምዲን ላይብረሪ አስገቡበት፤ ያም በበኩሉ ያን የማሳነሻ ላይብረሪ ጐትቶ አመጣ። ስለ አንዲት መልእክት! ከዚያ በኋላ ጁላይ 1 ቀን 2024 በወጣው 9.8 ዕትም የኤስኤስኤች ጸሓፊዎች ያችን መልእክት የምትልክ ጥቂት ኮድ ራሳቸው ጽፈው ላይብረሪው እንዳያስፈልግ አደረጉ። ሊጥ አቦኩ ማለት ነው። ይህን ድንቍርና የሚለው ማን ነው?

ወደ ራሳችን ቤት ስንመለስ ግን የበለጠ የሚያሳፍር ነገር እናገኛለን። ከመመረቂያ ፕሮጀክቶቻችን ውስጥ የኢትዮጵያን ቀን ከአውሮፓ ቀን ጋር ለማስማማት ላይብረሪ የማይጐትት ጥቂት ነው። ወራቱ 13 ናቸው፤ 12ቱ ሠላሳ ሠላሳ ቀን አላቸው፤ ጳጉሜን 5 ነች፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፣ ማለት በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ 6 ትሆናለች። የቀረው መደመርና መቀነስ ነው። ደብተራው ባሕረ ሐሳብን ቈጥሮ የፋሲካን ዕለት በጣቱ ያወጣል፤ የኮምፒዩተር ዕጩ ምሩቅ ግን ለጳጉሜን ሲል ከማያውቀው ሰው ኮድ ያወርዳል፤ ያም ኮድ ሌላ አምስት ይጐትታል፤ ተማሪው አንዱንም ከፍቶ አላነበበውም። ፈታኞቹም ምን ጨመርህ ብለው ይጠይቁታል እንጂ ምን አወጣህ ያለው የለም። በቀረበው ወረቀት ላይ የላይብረሪዎች ስም በበዛ ቍጥር ሥራው የበዛ ይመስላል።

ወንድሜ ትክክል የሆነበትንም አልሸሽግም። የምስጢር መጻፊያ ስልት በራሴ እጽፋለሁ የሚል ተማሪ ቢገኝ ቍልፉን ለሌባ እንደ ሰጠ ይቈጠር፤ ያ ብዙ ሊቃውንት ለብዙ ዘመን መርምረው እንኳ የሚሳሳቱበት ሥራ ነው። የአማርኛ ፊደልን በስክሪን ላይ የሚቀርጽ ላይብረሪም ማንም በአንድ ሰሚስተር የሚጽፈው አይደለም። «ጥገኝነት ይውደም» የሚል መፈክር አንግበን ሁሉን ብናስወጣ የሚቀረን ባዶ ፋይል ነው። መፈክር ማንሣት ቀላል ነው፤ በዚህ ግቢ ውስጥ እጥረት የለበትም። ከባዱ ነገር እያንዳንዱን ላይብረሪ እየያዙ «አንተን የሚሸከምህ ማን ነው? ቢሸከምህስ ይጠራሃልን?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ስለዚህ ለመምሪያችን መምህራንና ለጓደኞቼ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የመመረቂያ ፕሮጀክት በሚፈተንበት ቀን ኔትዎርኩ ይዘጋ። ተማሪው ሶርስ ኮዱን በፍላሽ ይዞ ይግባ፤ በባዶ ኮምፒዩተር ላይ ይገንባው፤ ያስነሣው። ያልያዘውን ላይብረሪ ፈታኞቹ ይመዝግቡ። ይህ ቅጣት አይደለም፤ የእኔ ዓይነቱ የሚኒባስ ጉዞ በዐቀበት ላይ ሳይሆን በፈተና ክፍል ውስጥ ቢያልቅ ይሻላል ብዬ ነው። ይህን የምናገረው ከተመረቅን በኋላ ብዙዎቻችን የምንሄደው ወደ ፎቅ ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ ነው። የምንጽፈው ፕሮግራም በክሊኒክ፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በውሃ ፓምፕ ላይ የሚቀመጥ ነው፤ እዚያም ያለው መሣሪያ ትንሹ ጂዲቢ ሰርቨር እንጂ ትልቁ አይደለም።

ሌላውን ከመምከሬ በፊት በራሴ የፓምፕ ፕሮግራም ላይ ሥራውን ጀምሬአለሁ። ስቈጥራቸው 14 ላይብረሪዎች ሆነው አገኘኋቸው። የመጀመሪያው የቀን መቍጠሪያው ነበር፤ በ12 መሥመር ተተካ። ሁለተኛው በስክሪን ላይ ጽሑፍን በቀለም የሚያሳይ ነው፤ ሰሌዳዋ ስክሪን የላትምና ሳልተካው ጣልሁት። ሦስተኛው ምን እንደሚሠራ አላስታወስሁም፤ ባወጣውም አንድም ነገር አልጐደለም። አራተኛው የማስተካከያ ፋይሉን የሚያነብበው ነው። እርሱንም አውጥቼ የራሴን ጽፌ ተካሁ፤ ነገር ግን የጻፍሁት ሜሞሪ ስለሚያፈስስ ሰሌዳዋ በየስድስት ሰዓቱ ትወድቃለች። ወንድሜ እንዳይሰማ እንጂ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያን ቀዳዳ በጂዲቢ እየፈለግሁ ነው።